ከሰርጉ ቪዲዮ የተቆረጠው ሳቅ

ገብረሚካኤል ሳቁን ሲሰማ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ የአንድ መንገደኛ ጉርድ ፎቶ በመቀስ እየከረከመ ነበር። መቀሱ ሳተና የመንገደኛውን ጆሮ ቆረጠው። ገብረሚካኤል ግን ለጆሮው ደንታም አልሰጠ፤ ዞር ብሎ ለማየትም ወዲያው አልደፈረም። ሳቁ የበዛወርቅ ሳቅ ነበር። በዛወርቅ ከሞተች ደግሞ ሃያ አምስት ዓመት ሆኗታል።

ያን ሳቅ አንዴ የሰማ ከሌላ ጋር አያምታታውም። መጀመሪያ ትንታ ይመስላል፤ ታፍኖ ታፍኖ ይቆይና አንዴ ይለቀቃል፤ መጨረሻ ላይ የሳቁ ባለቤት ትንፋሽ አጥሯት አየር ወደ ውስጥ ትስባለች። ገብረሚካኤል ለዓመታት ሲሰማው ኖሯል። የቦንጋ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምርና መብራት ሲጠፋ፣ ከፎቶ ቤቱ ጓዳ፣ የድሮዎቹ የቪዲዮ ካሴቶች ከተደረደሩበት መደርደሪያ በኩል ይመጣል። ለነፍስ አባቱ ቢነግራቸው ጠበል ግባ አሉት። ለልጁ ለአብርሆት ቢነግራት ጆሮህን ታየው አለችው። ሁለቱንም አደረገ። ጠበሉም ሐኪሙም ምንም አላገኙበትም።

የዛሬው ግን ከጓዳ አልመጣም። ዞር ሲል አብርሆት ባንኮኒው ላይ ተደግፋ አንዲት ወጣት ሴት ታነጋግራለች። ወጣቷ አገጯ ሰፋ ያለ፣ ቅንድቧ የገጠመ ነው፤ በመልኳ የበዛወርቅ የሆነ አንድም ነገር የለም። ሳቁን ብቻ ከየት እንዳመጣችው ግራ ገባው።

አብርሆት ስለ ሰርግ ቀረጻ ነበር የምታስረዳት። ካሜራውን ከአባቷ ከተረከበች ወዲህ በከተማው ያለእሷ የሚያገባ የለም።

«እጮኛሽ ሚሊዮን ጀርባውን ሰጥቶ ዛፉ ሥር ይቆማል። አንቺ ከኋላ ቀስ ብለሽ መጥተሽ ትከሻውን ትነኪዋለሽ። ዞር ይልና ሲያይሽ ያለቅሳል፤ አንቺ ትስቂያለሽ።»

«ባያለቅስስ?»

«ያለቅሳል። እምቢ ካለ እንደግመዋለን።»

ወጣቷ እንደገና ሳቀች። ገብረሚካኤል መቀሱን አስቀመጠ። «እንደግመዋለን» የምትለዋ ቃል እንደ እሾህ ወጋችው፤ ልጁ ከማን እንደተማረቻት ያውቃልና።

ያገሩ ሰው ገብረሚካኤልን ያውቀዋል። አባቱ በጃንሆይ ጊዜ ከሰሜን የመጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ እሱ ግን ብዕሩን ትቶ ካሜራ ያዘ። ፎቶ ቤቱን ሲከፍት ዘመኑ የደርግ ነበር። ወንዱ ሁሉ በየግድግዳው እንደተለጠፈው ላብ አደር ደረቱን ነፍቶ፣ አገጩን ሰቅሎ ካልሆነ አልነሳም ይላል። ሴቷም ብትሆን እጅጌዋን ጠቅልላ መዶሻ መጨበጥ ያምራታል። ስለዚህ ፎቶ ቤቱ አንድ መዶሻ ነበረው፤ በቦንጋና በዙሪያዋ ያሉ ሴቶች በየተራ ጨብጠውታል፤ አንዷም ሚስማር አልመታችበትም። መንግሥት ሲለወጥ መዶሻው ወደ ሥራው ተመለሰ።

ቀጥሎ የቪዲዮው ዘመን መጣ። በቴሌቪዥን የምትታየው ጨዋ ሴት አንገቷን የደፋች፣ እንባዋ የቀረበ ሆነች፤ ጨዋው ወንድ ደግሞ ጥርሱ የማይታይ። ገብረሚካኤል በከተማው የመጀመሪያውን የቪዲዮ ካሜራ ተሸክሞ በየሰርጉ ሲዞር ያየውን ነበር የሚቀርጸው ማለት ውሸት ነው፤ ያየውን ሳይሆን ቴሌቪዥን ያሳየውን ነው። «ሙሽራ፣ አንገትሽን ድፊ! ሙሽራው፣ ኮስተር!» የሰፈር ልጆች ሳይቀሩ ድምፁን ያስመስሉ ነበር። ከዚያም ባለ ጥቁር መነጽር ሙሽሮች መጡ፤ እነሱም አለፉና ይኸው ዘንድሮ ወንዱ ካላለቀሰ ሰርግ አይባልም። በስልኩ ያላየ ማን አለ?

ወጣቷ ቦርሳዋን ከፈተችና የድሮውን ትልቁን ካሴት አወጣች።

«ጋሽ ገብረሚካኤል፣ ይሄን ወደ ፍላሽ ይገለብጡልኛል? የእናቴ ሰርግ ነው። ፊቷ ትንሽ የሚታይበት ቦታ አለ፤ እሱ በእኔ ሰርግ ቀን በስክሪን እንዲታይ ፈልጌ ነው። ሌላ ፎቶ የላትም።»

በካሴቱ ጀርባ ላይ ያለው ጽሑፍ የራሱ ነው። «የከፈለኝና የበዛወርቅ ሰርግ፣ 1989 ዓ.ም.»

«የበዛወርቅ ልጅ ነሽ?» አለ።

«ኑኃሚን እባላለሁ። ዋጫ ከተማ አክስቴ ጋ ነው ያደግሁት። አሁን እዚህ አስተምራለሁ።»

ካሴት ማጫወቻው ዴክ ውስጥ ከተቱትና ተቀምጠው አዩት። ማንኪራ፣ የሙሽሪት ቤት። በዛወርቅ ቬሏን ተከናንባ፣ አንገቷን ደፍታ ከደጃፉ ትወጣለች። ከፈለኝ አጠገቧ እንደ ግንድ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ኑኃሚን ቪዲዮውን በቃሏ ታውቀዋለች።

«አሁን ታለቅሳለች» አለች፤ በዛወርቅም አለቀሰች። «በየእሁዱ ነበር የማየው። ያሳደገኝ ይሄ ካሴት ነው ማለት ይቻላል።»

«አባትሽ አሁንም እዚሁ ገበያው ጋ አይደል የሚኖረው? በሰርግሽ እሱ...»

«አልጠራሁትም።» ኑኃሚን ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለችም። «ይዩት እንጂ ጋሼ። እሷ እንደዚያ ስታነባ እንኳን ሊያባብላት ዞር ብሎ አያያትም። ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ጠየቅሁት። እማዬን በግድ ነው ወይ ያገባሃት? አልኩት። በግድ አይደለም አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ያገባት በግድ ነው። ፊቱን አያዩትም? ሰው ይዋሻል፣ ቪዲዮ አይዋሽም።»

ገብረሚካኤል በሕይወቱ ብዙ ነገር ሰምቷል፤ እንደዚች አባባል ግን ሆዱን ያቃጠለው የለም። ያ ለቅሶ ሁለተኛው ለቅሶ ነው። በመጀመሪያው በዛወርቅ እናቷን አቅፋ እንባና ሳቅ ተደባልቆባት ስትወጣ ባትሪው አለቀ። ገብረሚካኤል ባትሪ ቀይሮ ሙሽሪቱን፣ ሙሽራውን፣ ሚዜውን ሁሉ ወደ ቤት መልሶ እንደገና አስወጣቸው። ሁለተኛ እንባ እምቢ ስላላት አንዷ ሚዜ በነጠላዋ ጫፍ የተከተፈ ሽንኩርት ቋጥራ ከአፍንጫዋ ሥር ያዘችላት። ማን ሽንኩርት አምጡ እንዳለ መናገር አያስፈልግም።

ይህንኑ ለኑኃሚን ነገራት። በትሕትና አዳመጠችው።

«ሊያጽናኑኝ ብለው እንደሆነ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። «ግን የማየውን ነው የማምነው።» ካሴቱን ትታለት ሄደች።

ያልነገራት ነገር ነበር። ያን ቀን ከማንኪራ ወደ ቦንጋ ሲመለሱ፣ ቀፎ ከተሰቀለባቸው ዛፎች ሥር ለቀረጻ መኪኖቹን አስቆመ። ከፈለኝን ሚዜዎቹ ሽቶ አርከፍክፈውበት ነበር። ኮስተር ብሎ እንደታዘዘው ቆሞ ሳለ አንዲት ንብ መጥታ አፍንጫው ጫፍ ላይ አረፈች። ከፈለኝ አልተንቀሳቀሰም። ወንድ ልጅ በካሜራ ፊት ከንብ አይሸሽም። ዓይኖቹ ብቻ ወደ አፍንጫው ተሰብስበው ቀሩ። በዛወርቅ ይሄን አየች፤ ያ ትንታ የሚመስለው ነገር ጀመራት፤ ከዚያ ቬሏን ወዲያ ገልጣ በሁለት ጣቷ ንቧን ከባሏ አፍንጫ ላይ አነሳችለት። ሳቋ ጫካውን ሞላው። ከፈለኝም አብሯት ሳቀ። ገብረሚካኤል ግን ቆረጠው። ሙሽራ በሰው ፊት ጥርሷን ማሳየት ነውር ነው፤ የወንድ ፊት በእጇ መንካትማ አይነሳም። ለሁለቱም ቤተሰብ በተሰጡት ቅጂዎች ላይ ሳቁ የለም። ዋናውን ካሴት ደግሞ እንደ ልማዱ ለሌላ ሰርግ መልሶ ተጠቀመበት።

በማግስቱ ወደ ገበያው ወርዶ ከፈለኝን ከቤቱ በረንዳ ላይ አገኘው። ከፈለኝ ዕድሜውን በቡና መጋዘን ኃላፊነት የጨረሰ፣ ከተማው ሁሉ የሚፈራውና የሚያከብረው ሰው ነው። ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ሰላምታውም አጭር ነው።

«ልጅህን አየኋት» አለው ገብረሚካኤል።

«ደህና ናት?»

«ሳቋ የእናቷ ነው።»

ገብረሚካኤል ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ አወራው፤ ኑኃሚን ስለ ካሴቱ ያለችውንም አልደበቀውም። በመጨረሻም «ንቧን እስቲ ንገራት። አንተ ከነገርካት ታምናለች» አለው።

«የምን ንብ?»

ገብረሚካኤል የሚቀልድ መስሎት ፊቱን አየው። እየቀለደ አልነበረም።

«አፍንጫህ ላይ ያረፈችው! በዛወርቅ በእጇ ያነሳችልህ! ሁለታችሁም የሳቃችሁ ጊዜ!»

«ገብሬ፣ እውነቱን ልንገርህ» አለ ከፈለኝ። «ከሞተች በኋላ ያንን ካሴት ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። እንግዳ በመጣ ቁጥር አሳይ ይሉኛል፤ ወንድ ማለት ይሄ ነው ይሉኛል። እኔም እሱን ሰውዬ ሆኜ ቀረሁ። አሁን ሳስታውሳት አንገቷን ደፍታ ስታለቅስ ብቻ ነው የምትታየኝ። ልጅቷ በግድ ነው ወይ ስትለኝ በግድ አይደለም አልኳት፤ ውስጤ ግን፣ ታዲያ ለምን እንደዚያ አለቀሰች? ይለኛል። ካሴቱ ሌላውን በላብኝ። ንብ ነበረች እንዴ?»

ገብረሚካኤል የቦንጋን ዳገት ወጥቶ ወደ ፎቶ ቤቱ ተመለሰ። አሁን ያስፈራው ሌላ ነገር ነው። ሳቁን የሰማ ሰው ሁሉ ረስቶት ከሆነ፣ እሱ ብቻ ከያዘው፣ ጠበል የሚያስፈልገው ሰው እሱ ቢሆንስ? ንቧም ሳቁም የራሱ ፈጠራ ቢሆኑስ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በዚህ አገር ግን እያደረ የሚመጣው ሻጋታ ነው፤ ለካሴትም ለእውነትም አይመለስም።

ጓዳውን ከፈተና መደርደሪያውን ማራገፍ ጀመረ። አብርሆት አፍና አፍንጫዋን በሻርፕ አስራ ረዳችው፤ ትነጫነጫለች።

«አባዬ፣ ይሄ ሁሉ እኮ ለጤናህ ጥሩ አይደለም። አንድ ሳቅ ለመፈለግ?»

«ወንድማገኝ የሚል ፈልጊ።»

መምህር ወንድማገኝ ያገባው ከፈለኝ ካገባ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነው። ገብረሚካኤል የእሱን ሰርግ የቀረጸው በከፈለኝና በበዛወርቅ ካሴት ላይ ደርቦ ነበር። ነገር ግን ያን ቀን የወረደው ዝናብ ዳሱን አፍርሶ እንግዳውን በተነና ቀረጻው በአጭሩ ተቋረጠ። ስለዚህ የካሴቱ ጭራ ላይ ሳይጠፋ የተረፈ ነገር ይኖራል፤ የንቧም ነገር የሆነው በጭራው ነው። ተስፋው ሁሉ ይቺ ናት።

ካሴቱ ተገኘ። ነጭ ሻጋታ ወርሶታል። ገብረሚካኤል ሽፋኑን ፈትቶ ፊልሙን በጥጥና በአልኮል ጠብ ጠብ እያደረገ ለቀናት ጠረገው። ጣቶቹ እንደ ድሮው አልሆኑለትም፤ በሁለት ቦታ ተበጥሶበት ቀጠለው። እየጠረገ ሳለ ሳቁ ይመጣበታል፤ ቀና ሲል ዝናብ ብቻ ይሰማል። አንዳንዴም በየካሴቱ የቀረጻቸው ሙሽሮች ሁሉ ከመደርደሪያው ዳር እስከ ዳር ቆመው፣ አንገታቸውን እንደደፉ፣ ቀና እንድንል እስክትፈቅድልን እየጠበቅን ነው የሚሉት ይመስለዋል። አብርሆት ሻይ ይዛለት ስትገባ ይደነግጣል።

ኑኃሚን «ፍላሹ ደርሷል» ተብላ የመጣችው አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ ሲጠቁር ነው። ከፈለኝ ቀድሞ ገብቶ ወንበር ላይ ቁጭ ብሏል። ስታየው ከበሩ ተመለሰች። ዝናቡ ግን በዚያችው ቅጽበት ወረደ፤ የቦንጋ ዝናብ ሲወርድ መንገድ አይሰጥም። ኑኃሚን ከደጃፉ ጥግ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ቆመች።

«ግቢ አልልሽም» አላት ገብረሚካኤል። «እዚያው ሆነሽ ስሚ።»

ካሴቱን ከተተ። የወንድማገኝ ዳስ ታየ፤ ዝናብ፣ የሚሯሯጡ ሰዎች። ከዚያ ሥዕሉ ተቀደደ። ሻጋታው በልቶታልና ቴሌቪዥኑን ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ሞላው። ገብረሚካኤል ጠበቀ፤ ሥዕሉ አልመጣም። ድምፅ ግን የሚቀረጸው በፊልሙ ጠርዝ ላይ ነው፤ ጠርዙን ደግሞ ሻጋታው አልጨረሰውም ነበር።

የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። እልልታ። ቀጥሎ የአንድ ጎልማሳ ድምፅ፦

«ሙሽራው፣ ወደ ቀኝ! ኮስተር! ኮስተር አልኩ!»

ጸጥታ ሆነ። ከዚያ አንዲት ሴት «ንብ! ንብ!» ብላ ጮኸች።

«እንዳትነቃነቅ!» አለ ጎልማሳው።

ያ ትንታ የሚመስለው ነገር ጀመረ። ታፈነ፤ ታፈነ። «ኧረ አፍንጫው ላይ ናት! ቆይ፣ ቆይ፣ አንተ ዝም በል፣ ላንሳልህ...» ከዚያ ሳቁ ተለቀቀ። ኑኃሚን ከደጃፉ ዞር አለች፤ አንድ ሰው ከኋላዋ በስሟ የጠራት ያህል ደነገጠች። በሳቁ ላይ ሌላ ሳቅ ተደረበበት፤ ወፍራም፣ የወንድ፣ ልጅነት ያልለቀቀው ሳቅ። ይሄን ሁለተኛውን ኑኃሚን በሕይወቷ ሰምታው አታውቅም።

ከፈለኝ ሳያውቀው እጁ ተነስቶ አፍንጫው ጫፍ ላይ አርፏል።

«እጇ ይቀዘቅዝ ነበር» አለ ለማንም ሳይሆን። «ቀለበቱ ሰፍቷት ነበርና በአውራ ጣቷ ደግፋ ይዛው ነበር... አዎ። ንብ ነበረች።»

ካሴቱ አላለቀም።

«አቁሙ! አቁሙ! ይሄ አይሆንም!» ጎልማሳው ተቆጣ። «ሙሽራ፣ ምን ነካሽ? እጅሽን ሰብስቢ! ጥርስሽን ክደኚ! አንገትሽን ድፊ! እንደገና ነው የምናደርገው!»

ሳቁ ቆመ። ነጠብጣቡ ብቻ ቀረ። በመጨረሻ የሴቷ ድምፅ ተሰማ፤ ዝቅ ያለ፣ የታዘዘ።

«እሺ ጋሼ።»

ካሴቱ ቋ ብሎ ቆመ።

ኑኃሚን ገብታ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች። እንባዋ ይወርዳል፤ አልጠረገችውም። ከፈለኝም ያለቅስ ነበር፤ ማንም አልቅስ ሳይለው፣ ካሜራም ሳይኖር፣ እንደሚያለቅስ ሰው ሁሉ አፍንጫው እየፈሰሰ።

«አባዬ፣ እኔ እኮ...» አለች ኑኃሚን፤ መጨረስ አቃታት።

«እኔም ረስቼው ነበር» አላት። «አንቺ ምን ታደርጊ?»

«መልሱት፣ ጋሽ ገብረሚካኤል» አለች። መለሰው። ደግማ አስመለሰችው። ደጋግሞ በመለሰ ቁጥር ከሳቁ በኋላ ያ ጎልማሳ ይመጣል፤ ገብረሚካኤልም ራሱን አቀርቅሮ ያዳምጠዋል። አብርሆት አዘነችለት።

«አባዬ፣ ድምፅህን ቆርጬ ላውጣው? ሳቁ ብቻ ይቅር።»

«ተይው» አለ። «እኔ በቂ ቆርጫለሁ።»

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ከፈለኝ ልጁን ክንዷን ይዞ ወጣ፤ መረቃት። ሚሊዮን ዛፉ ሥር ዞር ሲል አላለቀሰም፤ ደንግጦ «እንዴት አምሮብሻል!» ብቻ አለ። አብርሆት «እንደገና» ልትል አፏን ከፈተች፤ ከዳር የቆመውን አባቷን አየችና መልሳ ገጠመችው። ሳቁ በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ሲለቀቅ እንግዳው ሁሉ የሳቀችው ኑኃሚን መስሎት ወደ እሷ ዞረ።

ከዚያ ወዲህ ሳቁ ወደ ገብረሚካኤል ጓዳ አልመጣም። ወደ ባለቤቶቹ ሄዷል፤ ተመስገን ነው። ነፍስ አባቱም ጠበሉ ሠራ አሉ፤ አልተከራከራቸውም። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምርና መብራት ሲጠፋ ግን አሁንም ከመደርደሪያው በኩል ድምፅ ይሰማዋል። ዝቅ ያለ ነው፤ አጭር ነው፤ ጆሮ ካልሰጡት አይሰማም። «እሺ ጋሼ» ይላል። ገብረሚካኤልም «የለም፣ ቀና በይ» ይላታል ወደ ጨለማው። ሰምታው አታውቅም።